ጠብቅም፣ አልማም፦ የባዮቴክኖሎጂ ሕጎቻችን አንድምታ

መቅድም

የአንድምታ መምህራን አንድ ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ ሲያወርዱ ኋለኛው ትርጓሜ ፊተኛውን አይሽረውም። ሁሉም በየቦታው ይቆማል፤ ምስጢሩም ከሁሉ ተደምሮ ይወጣል። የሀገር ሕግም እንዲህ ሊነበብ ይገባዋል። በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አንድ ድንጋጌ ለገበሬው አንድ ነገር፣ ለተመራማሪው ሌላ፣ ለነጋዴው ደግሞ ሌላ ይናገራልና።

እዚህ የሚተረጎሙት አራት ናቸው። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001፣ እርሱን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 896/2007፣ የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998፣ በመጨረሻም በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባዮቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን ያቋቋመው ደንብ። ንባቦቹ የተቀመጡት እንደ ፊደላቸው ሳይሆን እንደ ሐሳባቸው ነው፤ ፊደሉን የሚፈልግ ከጋዜጣው ያገኘዋል።

አራቱ ሲደመሩ ትእዛዛቸው ሁለት ነው፦ ጠብቅ፤ አልማ። ብዙ ሰው ሁለቱን ይቃረናሉ ብሎ ያስባል። «ጠብቅ» የሚለው ወገን አልሚውን ሀገር ሻጭ ይለዋል፤ «አልማ» የሚለውም ጠባቂውን የሳይንስ ጠላት ያደርገዋል። ይህ አንድምታ ሁለቱ ትእዛዛት አንድ መሠረት እንዳላቸው ያሳያል።

አንደኛ ንባብ፦ ልውጠ ሕያው አስቀድሞ ታውቆ ካልተፈቀደ ወደ ሀገር አይግባ፤ በማሳም አይዘራ።

ይህ አዋጅ 655/2001 ነው። ልውጠ ሕያው ያለው በዘመናዊ ባዮቴክኖሎጂ ዘረ መሉ የተለወጠውን ተክል፣ እንስሳ ወይም ደቂቅ ነው። አይግባ ማለቱ፦ አስገቢው ማመልከቻውንና የጉዳት ግምገማውን አቅርቦ፣ በአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተመርምሮ፣ ፈቃድ በእጁ ሳይዝ ድንበር አይሻገር ሲል ነው።

አንድም፦ ዘር ተመልሶ አይሰበሰብምና አስቀድመህ አስብ ሲል ነው። የገባ ማሽን ጉድለት ቢገኝበት ይነቀላል፣ ይመለሳል። የተዘራ ዘር ግን ያብባል፤ ብናኙም ከጎረቤት ማሳ ካለው ዘመዱ ጋር ይዳቀላል። ለሌላው ሀገር ይህ የአንድ ሰብል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ጤፍ፣ እንሰት፣ ኑግና አረቢካ ቡና የተገኙት፣ ገብስና የማካሮኒ ስንዴም በአያሌ መልክ የሚበቅሉት በዚሁ መሬት ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር ሰብስቦ የተመለሰውና ሀገሪቱን የሰብል መገኛ ከሆኑት የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርጎ የጻፈው ይህን አይቶ ነው። ምንጩ ያለበት ሀገር ከሌላው ይልቅ ቢጠነቀቅ ነውር የለበትም።

አንድም፦ የማስረዳት ሸክሙ በአምጪው ላይ ይሁን ሲል ነው። ገበሬው «ይህ ዘር ይጎዳኛል» ብሎ ማስረጃ እንዲፈልግ አይገደድ፤ «አይጎዳም» የሚለው አምጪ ራሱ ያስረዳ። ምነው ቢሉ፦ ዕውቀቱም ገንዘቡም ያለው በአምጪው እጅ ነውና።

ታሪክ፦ ይህ ትርጓሜ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ዓለምን ዞሮ የተመለሰ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 2000 በሞንትሪያል የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ሲጸድቅ የአፍሪካን ድምፅ ይዘው ከፊት የቆሙት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ትልልቆቹ ዘር ላኪ ሀገሮች ልውጠ ሕያው እንደ ማንኛውም የንግድ ዕቃ ይታይ ሲሉ፣ እርሳቸውና ከእርሳቸው ጋር የቆሙት ታዳጊ ሀገሮች «አስገቢው ሀገር አስቀድሞ ይወቅ፤ አልፈልግም የማለት መብትም ይኑረው» ብለው ተከራከሩ። መብቱም በፕሮቶኮሉ ገባ። ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2003 ሥራ ላይ ዋለ። እርሳቸው በዚያው በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። አዋጁ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ይመሩ ነበር። እንግዲህ አዋጁን ከውጭ የተጫነ የሚሉት ታሪኩን ገልብጠው ያነብቡታል፤ ለዓለም የሰጠነውን ነው ለራሳችን የጻፍነው።

ሐተታ፦ ታዲያ ይህ ንባብ ምን ጎደለው ቢሉ፦ ሊሸጥ የሚመጣውን ዘርና ሊመረመር የሚመጣውን ዘር በአንድ ሚዛን መዘነ። ነጋዴውን ለመያዝ የታሰበው ጥብቅ ሥርዓት በተመራማሪው ላይም ወደቀ። አዋጁ እስኪሻሻል ድረስ በሀገሪቱ የልውጠ ሕያው ሰብል የማሳ ሙከራ አልተካሄደም። ክፉውን ከደጉ የሚለየው ሙከራ ነው፤ ሙከራው ሲቀር ውሳኔው በፍርሃት ወይም በተስፋ ብቻ የሚሰጥ ይሆናል። በፍርሃት የተከለከለ ነገር በሌላ ቀን በተስፋ ይፈቀዳል፤ መካከል ላይ ያወቀ ሰው የለምና።

ሁለተኛ ንባብ፦ ለምርምር ልዩ ፈቃድ ይሰጥ።

ይህ ማሻሻያው፣ አዋጅ 896/2007 ነው። ልዩ ፈቃድ ማለቱ፦ በተከለለ ስፍራ፣ በተመራማሪ እጅ፣ ከውጭው ማሳ ተለይቶ ለሚደረግ ሙከራ ከንግድ ማመልከቻው የቀለለ መንገድ ይኑር ሲል ነው።

አንድም፦ በሰው ማስረጃ አትወስን፤ በራስህ መሬት መርምር ሲል ነው። ሕንድ የበቀለው ዘር አፋር ላይ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቀው አፋር ላይ የዘራው ነው።

አንድም፦ ፋብሪካው ጥጥ ፈለገ ሲል ነው። ዘመኑ መንግሥት የጨርቃጨርቅ ኢንዱስትሪን ከፊት ያሰለፈበት ነበር፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ። የጥጥ ማሳው በበኩሉ በጓይ ትል ይጠቃ ነበር። ይህን ትርጓሜ ደብቆ የመጀመሪያውን ብቻ ማውራት ተገቢ አይደለም፤ ሕግ ከችግርም ከፍላጎትም ይወለዳል። ከፍላጎት የተወለደው ሕግ መመዘን ያለበት ፍላጎቱ የማን እንደሆነ ከተለየ በኋላ ነው።

ታሪክ፦ ከማሻሻያው በኋላ ቢቲ የተባለው ጥጥ በተከለለ ማሳ ተሞከረ። ቢቲ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረ መል ያለው ነው፤ ተክሉ ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ቅጠሉንና ፍሬውን የሚበላውን ትል ይገድለዋል። በ2010 ዓ.ም. ከሕንድ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ዲቃላ ዝርያዎች ለንግድ እርሻ ተፈቀዱ። በዚያው ዓመት ድርቅንና ተባይን እንዲቋቋም የተለወጠ በቆሎ በተከለለ ማሳ እንዲሞከር ፈቃድ ተሰጠ። የበቆሎው ነገር እንዲያው የመጣ አይደለም፤ መጤው የአሜሪካ ተምች በ2009 ዓ.ም. ገብቶ የበቆሎ ማሳውን ማጥቃት ጀምሮ ነበር።

ሐተታ፦ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይለይ። የመጀመሪያው፣ ቢቲ ትልን እንጂ ሁሉን ተባይ አይገድልም፤ እንደ ክሽክሽ ያለውን መጣጭ ነፍሳት አይነካም። ትሉም ቢሆን ከትውልድ ትውልድ እየለመደ መቋቋም ይችላል፤ በሕንድ በሮዝ ጓይ ትል የታየው ይኸው ነው። ስለዚህ የገበሬው የመድኃኒት ወጪ በአንድ ጊዜ ይጠፋል ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም። ሁለተኛው፣ የተፈቀዱት ዲቃላ ናቸው። ዲቃላ ዘር በመጀመሪያው ዓመት የሰጠውን ምርት ከራሱ ፍሬ ተወስዶ ቢዘራ አይደግመውም፤ ገበሬው በየዓመቱ ይገዛል። ይህ የሚመጣው ዘሩ ዲቃላ ከመሆኑ እንጂ ዘረ መሉ ከመለወጡ አይደለም። ተቃዋሚው ሁለቱን ቀላቅሎ ይከሳል፤ ደጋፊው ሁለቱን ቀላቅሎ ይሸሽጋል። ለገበሬው ግን ለይቶ መንገር ይገባል፤ ኪሱን የሚነካው ይህ ነውና።

አብነት፦ ቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. በ2008 የቢቲ ጥጥን ወደ ገበሬው ማሳ አስገባች። ትሉ ቀነሰ። ነገር ግን የጥጡ ጭረት አጠረ። የቡርኪና ጥጥ በዓለም ገበያ የታወቀው በጭረቱ ርዝመት ነበርና ዋጋው ወደቀ፤ ሀገሪቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢቲውን ትታ ወደ ቀደመ ጥጧ ተመለሰች። ያበላሸው የገባው ዘረ መል መጥፎ መሆኑ ላይሆን ይችላል፤ በሀገሪቱ ምርጥ ዝርያ ላይ ሲዳቀል የዝርያው ጠባይ በሚገባ አልተጠበቀም። ይህን ከማሳ ወደ ፋብሪካ ሳይሄድ በፊት የሚያየው የጭረቱን ርዝመት የሚለካ ቤተ ሙከራና ውጤቱን ሳይፈራ የሚናገር ተመራማሪ ነው። ልዩ ፈቃዱ የሚጠቅመው እነዚህ ሁለቱ ሲኖሩ ነው። ከሌሉ ፈቃዱ ማኅተም ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ ንባብ፦ የጄኔቲክ ሀብቱ ባለቤት መንግሥትና ሕዝብ ነው፤ የዕውቀቱ ባለቤት ማኅበረሰቡ ነው፤ ጥቅሙን ይካፈሉ።

ይህ አዋጅ 482/1998 ነው። አርክቦት ያለው የዘር ናሙናን ወስዶ መጠቀምን ነው። ያለ ፈቃድና ያለ ውል ማንም አይውሰድ፤ የወሰደም ከሚያገኘው ጥቅም ያካፍል፤ መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ድርሻም 50 በመቶው ለማኅበረሰቡ ይድረስ ሲል ነው።

አንድም፦ ዘሩ ከዱር የተለቀመ አይደለም ሲል ነው። ገበሬው ከየዓመቱ መከር ጥሩውን ዛላ ለይቶ፣ በጓዳው ሰቅሎ፣ በጭስ ጠብቆ፣ ለልጁ አውርሶ ያቆየው ነው። ተመራማሪው በቤተ ሙከራ የሚያገኘው ጠባይ አስቀድሞ በገበሬው እጅ የተመረጠ ነው። ስለዚህ ገበሬው በባዮቴክኖሎጂ ሥራ ውስጥ ተቀባይ ብቻ ሆኖ መቆጠር የለበትም፤ ከባለሙያዎቹ ፊተኛው እርሱ ነው።

አንድም፦ ያለፈው አይደገም ሲል ነው። በካሊፎርኒያ የገብስ እርሻን ያጠቃ የነበረውን ቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ የሚቋቋመው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያን ጊዜ ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ይባል ነበርና ወሳጁ ባለ ዕዳ አልነበረም። ዘር የየሀገሩ ሀብት መሆኑ በዓለም ሕግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1992 የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ሪዮ ላይ ከተፈረመ ወዲህ ነው።

ታሪክ፦ ሕጉ በሚወጣበት ዘመንም ፈተናው ቀረበ፤ ፈተናውም የጤፍ ነበር። ታሪኩ ቀርቦ ቢታይ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጤፍ ውል ተዋዋሉ። ኩባንያው ዘሩን ወስዶ ግሉተን ለማይስማማቸው ሰዎች ምግብ ሊሠራ፣ ከሽያጩም ለኢትዮጵያ ሊከፍል ተስማማ። ውሉ በወቅቱ ለጥቅም መጋራት አርአያ ይሆናል ተብሎ ተወደሰ። ልብ በሉ፦ አዋጅ 482 የወጣው ከውሉ በኋላ ነው። ውሉ ቀደመ፤ ሕጉ ተከተለ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ከዚያው ወገን በጤፍ ዱቄት አቀነባበር ላይ የአውሮፓ ፓተንት ወጣ። ፓተንቱ እህሉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ መፈጨቱን የመሰለ፣ የኢትዮጵያ እናት ሁሉ የምታውቀውን ነገር ጭምር የሚይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ተዋዋዩ ኩባንያ ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቀረ። በውሉ ኢትዮጵያ ያገኘችው ጥቂት ሺህ ዩሮ ብቻ ነበር። ባለ ዕዳው ኩባንያ ስለሌለ በውሉ የሚጠየቅ ሰው ጠፋ፤ ፓተንቱን የያዘው ደግሞ ከኢትዮጵያ ጋር ውል አልነበረውም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2018 የሔግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ አዲስ የፈጠራ እርምጃ የለበትም ብሎ በኔዘርላንድ ዋጋ አሳጣው። ያንንም ያስገኘው ሁለት ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው የተሟገቱት ሙግት እንጂ የእኛ ክስ አልነበረም።

ሐተታ፦ ከዚህ ምን ይወጣል ቢሉ፦ ባለቤትነትን በአዋጅ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ባለቤትነትን ማስከበር ሌላ። በአውሮፓ የፓተንት ሥርዓት የተሰጠን ፓተንት ለመቃወም ያለው ጊዜ ዘጠኝ ወር ነው። በዚያ ዘጠኝ ወር ውስጥ ለመንቃት የፓተንት መዝገብ በየሳምንቱ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል፤ አንብቦም «ይህን እናቶቻችን ያውቁታል» ብሎ በሳይንስ ቋንቋ የሚያስረዳ ኬሚስት፣ የሚሟገት ጠበቃ፣ ወጪውን የሚከፍል በጀት ያስፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት አዋጁ እውነት ይናገራል፤ የሚያስፈጽመው ግን የለም።

አንድም፦ ጥቅም መጋራት ማለት የገንዘብ ድርሻ መጠበቅ ብቻ አይደለም ሲል ነው። ጤፍን ወደ ሌላ ምግብ መለወጥን እኛው ቀድመን ብንሠራው ኖሮ ድርሻ ጠያቂ ሳንሆን ባለ ገበያ በሆንን ነበር። ጠብቅ የሚለው ንባብ አልማ ወደሚለው የሚያደርሰን እዚህ ላይ ነው።

አራተኛ ንባብ፦ የሀገሪቱን ባዮቴክኖሎጂ የሚያስተባብርና የሚያሳድግ ተቋም ይቁም።

ይህ የ2008ቱ ደንብ ነው። የኢትዮጵያ ባዮቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቆመ፤ ተቋሙም በ2014 ዓ.ም. ከኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ማዕከል ጋር ተዋህዶ የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተባለ። ደንቡ ሁለት ግሥ አለው፤ ማስተባበርና ማሳደግ።

ማስተባበር ያለው፦ በግብርና፣ በጤና፣ በኢንዱስትሪና በአካባቢ የተበተነውን ምርምር ድግግሞሽ እንዳይኖረው አስማማ ሲል ነው። የግብርና ምርምሩ ለአንድ ሚኒስቴር፣ የብዝኃ ሕይወቱ ጥበቃ ለሌላ ወገን፣ ፈቃድ መስጠቱ ለሦስተኛ፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ ከጉምሩክ ማስለቀቁ ለአራተኛ ነውና። ለምርምር የሚውል ኬሚካል በበረዶ ታሽጎ አየር ማረፊያ ሲደርስ፣ ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲዞር ቢሰነብት ኬሚካሉ ይበላሻል፤ ተማሪው የመመረቂያ ጥናቱን ርእስ ይቀይራል። የማስተባበር ትርጉም በተመራማሪው ጠረጴዛ ላይ ይህ ነው።

አንድም፦ ጠባቂውንና አልሚውን አስማማ ሲል ነው። ምሳሌ፦ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች አንዱ ቢቀድም አንዱ ቢለግም ፈሩ ይጣመማል፤ ነገር ግን ሁለቱን አንድ በሬ አድርጎ የሚያርስ የለም። አልሚው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሰጪ አይሁን፤ ፈቃድ ሰጪውም አልሚ ነኝ አይበል። ይለያዩ፤ አንድ ፈር ግን ይረሱ። አንዱ የሌላውን ማስረጃ በጊዜ ያግኝ፤ የውሳኔውም ምክንያት በግልጽ ይጻፍ።

አንድም፦ የሚያስተባብረው ራሱ ይጽና ሲል ነው። ደኅንነተ ሕይወትን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ተመልከቱ። አዋጁ ሲወጣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነበር። በ2005 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃና ደን ሚኒስቴር ሆነ። በ2008 ዓ.ም. የአየር ንብረት ለውጥ ተጨምሮበት ስሙ ረዘመ። በ2011 ዓ.ም. ወደ ኮሚሽን ተለወጠ። በ2014 ዓ.ም. እንደገና የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ተባለ። ስም ሲቀየር ኃላፊ ይቀየራል፣ መዝገብ ከሕንፃ ሕንፃ ይጓዛል፣ የጉዳት ግምገማ የሠለጠነው ባለሙያም የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ይሄዳል። የልውጠ ሕያውን ጉዳት ለመከታተል ዓመታት ያስፈልጋሉ። የሚከታተለው መሥሪያ ቤት በየሦስት በየአራት ዓመቱ ከተለወጠ ክትትሉን ማን ይዞት ይቆያል?

አብነት፦ ደቡብ ኮሪያ የጄኔቲክ ምሕንድስና ማሳደጊያ ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ በ1995 የባዮቴክኖሎጂ ማሳደጊያ ሕግ ብላ ስሙን አሰፋችው። ሕጉ የሚመለከታቸውን ሚኒስቴሮች የየራሳቸውን ዕቅድ አዋጥተው አንድ መሠረታዊ የጋራ ዕቅድ እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የመጀመሪያው ዕቅድም ዘመኑን እስከ 2007 አስረዝሞ ያየ ነበር። ሚኒስትሮቹ ተቀያየሩ፤ ዕቅዱ ግን ቀጠለ። የእኛን ተቋም ያቆመው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። ደንብ ያቆመውን ደንብ ያፈርሰዋል፤ በፓርላማ የጸደቀ የማሳደጊያ አዋጅ ግን ተቋሙንም የጋራ ዕቅዱንም በአንድ ያጸናቸዋል።

ማሳደግ ያለው፦ ገንዘብና ሰው ስጥ ሲል ነው። የዘረ መል ማንበቢያ መሣሪያ ተገዝቶ የሚጠግነው ሰው ቢጠፋና ኬሚካሉ ቢቋረጥ ማሳደግ አይባልም።

አንድም፦ ማንም የማይሠራልህን አንተው ሥራ ሲል ነው። ወደ እንሰት ማሳ እንግባ። እንሰትን ለምግብ የሚያለማ ሀገር ከኢትዮጵያ በቀር የለም፤ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በእርሱ ይኖራል። አንድ እንሰት ለቆጮ የሚደርሰው ዓመታት ቆይቶ ነው። አጠውልግ በሽታ ሲገባበት መጀመሪያ የመካከለኛው ቅጠል ጫፉ ይጠወልጋል፤ የቅጠሉ ዘንግ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል። እናት በዚያው ቢላ ጤነኛውን ብትቆርጥ በሽታው ተሻገረ። ስለዚህ ቢላው በእሳት ይለብለብ፣ የታመመው ተነቅሎ ይቀበር ይባላል፤ ከዚህ ሌላ የሚረጭ መድኃኒት የለውም። በሽታው በሳይንስ ጽሑፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 በኢትዮጵያ እንሰት ላይ ነው። ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አለፈው።

ለእንሰት መድኃኒት የሚፈልግ የውጭ ዘር ሻጭ አይመጣም። ምነው ቢሉ፦ እንሰት የሚባዛው ከከርሰ ምድር ግንዱ በሚወጣ ችግኝ ነው፤ በየዓመቱ የሚሸጥ ዘር የለውም፤ ገበያውም አንድ ሀገር ነው። ስለዚህ ነው የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ናይሮቢ ቤተ ሙከራ ካለው ዓለም አቀፉ የትሮፒካል ግብርና ኢንስቲትዩት ጋር፣ ከቃሪያ የተወሰደ ዘረ መልን ተጠቅሞ በሽታውን የሚቋቋም እንሰት ለማግኘት የሚሠራው። ይህ ምርምር ቢሳካ ባለቤቱ ማን ይሆናል፣ የእናቶቹ የየአካባቢው እንሰት ዓይነት እንዴት ይጠበቃል፣ ያልተለወጠውን ዓይነት ለሚፈልግ ቤተሰብ እንዴት ይቆይለታል? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልሱት አራቱ ሕጎች አንድ ላይ ሲቆሙ ነው። ጥጡን ለገበያ ያፈጠነ ሕግ እንሰቱን ቢያዘገየው የማሳደግን ትርጓሜ ስቷል።

አንድም፦ ያለህን አውቀህ ጀምር ሲል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ድጋፍ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ ከ80 ሺህ በላይ የዘር ናሙና ይዟል። ዶክተር መላኩ ወረደ ማዕከሉን ሲመሩ ናሙናው በማቀዝቀዣ ብቻ እንዳይቀር፣ በድርቅ ዘሩን ላጣው ገበሬ እንዲመለስና በማሳው እንዲሻሻል አደረጉ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድን ተሸለሙ። በማቀዝቀዣው ያለው ገብስ የትኛው በሽታ እንደሚይዘው፣ የትኛው ድርቅ እንደሚችል በዘረ መል ደረጃ አንብቦ መዝግቦ ማውጣት ዘረ መል ሳይለወጥም የሚሠራ ባዮቴክኖሎጂ ነው። በጠባቂውም በአልሚውም ዘንድ ተቃዋሚ የለውም፤ የጎደለው የሚሠራው ሰው ቁጥርና የሚከፈለው በጀት ነው።

የአራቱ ንባብ ምስጢር

ዶክተር ተወልደ ብርሃንና ዶክተር መላኩ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሀገር፣ አንድ ሽልማት የተቀበሉ ናቸው። አንዱ የታወቁት በሕግ ጥበቃ፣ ሌላው በዘር ልማት ነው፤ ይህ ጥበቃና ልማት ተቃራኒ አለመሆናቸውን ያስረዳል። ሁለቱም የቆሙት በዕውቀታቸው ነው። የመጀመሪያው የዓለምን ተደራዳሪዎች ያሸነፉት የዕፅዋት ሳይንቲስት ስለነበሩ ነው፤ ሁለተኛው ገበሬውን የረዱት ዘሩን ስላወቁት ነው።

ስለዚህ ጠብቅ ቢል በሚያውቅ ሰው ጠብቅ ሲል ነው፤ አልማ ቢል በሚያውቅ ሰው አልማ ሲል ነው። የማያውቅ ጠባቂ ሁሉን ይከለክላል ወይም ሁሉን ያሳልፋል። የማያውቅ አልሚ የሌላውን ዘር ያከፋፍላል። አዋጁ ቢጠብቅም ቢላላም በመካከሉ ያለው አቅም ካላደገ ውጤቱ አይለወጥም፤ የ2001ዱ ጥብቅነትና የ2007ቱ መላላት ይህን አስተምረውናል።

እንግዲህ ይህን ምስጢር የያዘ የማስተባበሪያና የማሳደጊያ አዋጅ በፓርላማ ይውጣ። በአዋጁም የሚከተለው ይግባ፦ ሚኒስቴሮቹ ከአንድ የምርጫ ዘመን የሚረዝም አንድ የጋራ ዕቅድ ያውጡ፤ አፈጻጸሙን በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ያቅርቡ። ፈቃድ ሰጪው ከአልሚው የተለየ፣ ስሙና በጀቱ በየጊዜው የማይናወጥ ይሁን። በጉዳት ግምገማ የሠለጠነ ባለሙያ በሥራው የሚቆይበት ደመወዝና ማዕረግ ይኑረው። ለእያንዳንዱ ፈቃድ የቀረበው ማስረጃና የውሳኔው ምክንያት በሀገር ቋንቋዎች ይታተም፤ ገበሬው ዲቃላውን ከልውጡ ለይቶ ይረዳ ዘንድ። የውጭ ፓተንት መዝገብን የሚከታተልና ለሀገሪቱ የሚሟገት ክፍል ይቁም። የምርምሩ ቅደም ተከተል ሲወሰን እንደ እንሰት ያለው፣ ገበያ የማያየው ሰብል ከፊት ይሰለፍ። በውሳኔው ሸንጎ ላይም ዘሩን ያቆዩት ገበሬዎች ድምፅ ይኑራቸው፤ ባለቤት ናቸው ብለን በ1998ቱ አዋጅ ከጻፍን ባለቤት ሳይጠየቅ መወሰን የራሳችንን ሕግ መሻር ነው።